የኪቡሊ ኮረብታ ባለርስት የትውልድ ሐረግ

የትውልድን ሐረግ መቍጠር በኢትዮጵያ ሰው ዘንድ የቈየ ዕውቀት ነው። ልጅ ገና በአያቱ ጕልበት ሥር ሳለ የአባቶቹን ስም በተራ ይማራል፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ፤ ቀድሞ ርስት ሲያከራክር ደግሞ ተሟጋቹ ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ በአባትም ሆነ በእናት በኩል ያለውን ስም እንደ ሰንሰለት አያይዞ ይጠራ ነበር። ዘር ካልተቈጠረ ርስት አይገኝም ነበር፤ ርስት የሌለውም ሰው ዘሩን ለመቍጠር ብዙ አይደክምም ነበር። ስለዚህ የአንድን ባለርስት የትውልድ ሐረግ መመርመር የቤተ ዘመድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የመሬትን፥ የሕግንና የሥልጣንን ታሪክ መመርመር ነው።

ይህን ነገር ከአገሩ ውጭ ለማየት ለሚፈልግ መምህር በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሚገኘው የኪቡሊ ኮረብታ መልካም ምሳሌ ይሆነዋል። ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ስትሆን፥ እያንዳንዱ ኮረብታ የራሱ ታሪክና የራሱ ባለቤት አለው። መንጎ የቡጋንዳ ንጉሥ፥ ይኸውም የካባካው መቀመጫ ነው። ናሚሬምቤ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚሲዮን፥ ሩባጋ የካቶሊክ ሚሲዮን ነበረ። አሮጌው ካምፓላ በሚባለው ኮረብታ ላይ ሻምበል ሉጋርድ በ1890 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ምሽግ ሠርቶበታል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከከተማው መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚታየው ኪቡሊ ግን የእስላሞች ኮረብታ ተብሎ ይታወቃል። በላዩም መስጊድ፥ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ የመምህራን ማሠልጠኛና ሆስፒታል ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ያስገኘው መሬት የተሰጠው ከአንድ ቤተሰብ ነው።

የቤተሰቡን ሐረግ ከመተረክ በፊት ግን በዚያ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ መሬት የያዘ እንግሊዛዊ ሐረግ ምን ይመስል እንደ ነበረ ማየት ይጠቅማል፤ ሁለቱ ጐን ለጐን ሲታዩ ልዩነታቸው ይጐላልና። ለዚህ ከሁሉ የታወቀው የኬንያው ሎርድ ዴላሚር ነው። የግል ስሙ ሂዩ፥ የቤተሰቡ ስም ቾልሞንድሊ ሲሆን፥ በ1870 ተወልዶ በ1931 ሞተ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር በቼሽር አውራጃ ቬል ሮያል በሚባል ቦታ ይኖር ነበር። ይህ ቦታ ቀድሞ የመነኰሳት ገዳም የነበረ ሲሆን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ገዳማት በተዘጉበት ጊዜ ከመነኰሳቱ ተወስዶ በኋላ በዚህ ቤተሰብ እጅ ገባ። በ1821 ቶማስ ቾልሞንድሊ የመጀመሪያው ባሮን ዴላሚር ተባለ፤ ማዕርጉም ለልጁ ለሂዩ፥ ከእርሱም በ1887 ለዚሁ ለሦስተኛው ባሮን ተላለፈ። ወራሹ በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበር።

ይህ ሐረግ በመኳንንት መዝገብ ላይ ታትሞ ስለሚገኝ የሚያሻማ ነገር የለበትም። ከአባት ወደ በኵር ልጅ እንደ ቀጥተኛ ገመድ ይወርዳል፤ ታናናሾችና ሴቶች ልጆች ከገመዱ ውጭ ይቀራሉ፤ ማዕርጉና ርስቱም አብረው ይሄዳሉ። ሎርድ ዴላሚር ከበርበራ ተነሥቶ በሶማሌ ምድርና በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል አድርጎ በ1897 ወደ ኬንያ ደጋ ደረሰ። በ1903 ንጆሮ በሚባለው ሥፍራ 100,000 ኤከር መሬት ለ99 ዓመት በኪራይ ተሰጠው። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ተብሎ ቢታሰብ ይህ ከአንድ ሺሕ ጋሻ በላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1904፥ የማሳይ ከብት አርቢዎች በስምጥ ሸለቆ ከነበረው የግጦሽ መሬታቸው እንዲለቁ የሚያደርግ ውል ተፈረመ። ስለዚህ የሰውዮውን ሐረግ እስከ ሩቅ ዘመን መከታተል ሲቻል፥ የመሬቱ ሐረግ ግን በመዝገቡ ላይ የሚጀምረው ከወረቀቱ ቀን ነው። ከዚያ በፊት በመሬቱ ላይ የኖሩት ሰዎች አባትና አያት በዚያ መዝገብ አልተጻፈም።

በኡጋንዳ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የአውሮፓ ሰፋሪዎች ቡናና ጐማ ለማልማት መሬት መያዛቸው ባይቀርም ቍጥራቸው ጥቂት ነበረ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የሸቀጥ ዋጋ ሲወድቅ ብዙዎቹ ከሰሩ። የአገሩ ሀብት የተመሠረተው ባላገሩ በራሱ ማሳ በሚያለማው ጥጥ ላይ ነው። የዚህም ምክንያቱ የመሬቱ ታላቅ ክፍል አስቀድሞ በአገሩ መሳፍንትና ሹማምንት ስም በመመዝገቡ ነበር። እንግሊዞች በቡጋንዳ ያደረጉት ሰፋሪን በባለርስትነት ማስቀመጥ ሳይሆን፥ የአገሩን ሹም በእንግሊዝ ሕግ ባለርስት ማድረግ ነው። የኪቡሊው ቤተሰብ ታሪክም ከዚህ ይነሣል።

የቤተሰቡ አባት ኑሁ ምቦጎ የካባካ ሱና ልጅ ነው። ካማንያ ሱናን ወለደ፤ ሱና ከ1832 ገደማ እስከ 1856 ነገሠ፤ ሱናም ሙቴሳንና ምቦጎን ወለደ። ሙቴሳ ከ1856 እስከ 1884 በመንገሡ ስሙ ወደ አውሮፓ ሁሉ ሲሰማ፥ ወንድሙ ምቦጎ በንጉሥ ጥላ ሥር የሚኖር መስፍን ሆኖ ቀረ። በቡጋንዳ የንጉሥ ወንድም መሆን ክብር ብቻ ሳይሆን የዘወትር ሥጋት ነበር፤ ዙፋኑ ለበኵር ልጅ የተወሰነ ስላልሆነ ማናቸውም መስፍን ተቀናቃኝ ሊሆን ይችላልና።

የባጋንዳን የትውልድ አቈጣጠር ለማስተዋል አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሕዝቡ በጐሣ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ጐሣ በአንድ እንስሳ ወይም በአንድ ተክል ስም ይጠራል፤ የጐሣውም ሰው ስሙን የያዘበትን እንስሳ አይበላም። ልጅ ሁሉ የአባቱን ጐሣ ይወርሳል። የንጉሥ ልጅ ግን በጥንቱ ልማድ የሚቈጠረው በእናቱ ጐሣ ነው። ስለዚህ ንግሥና በአባት በኩል ከአንድ ዘር ሳይወጣ፥ በእናት በኩል ግን ከጐሣ ወደ ጐሣ ይዞራል፤ ማንኛውም ጐሣ ሴት ልጁ ለንጉሥ ተድራ የንጉሥ እናት እንድትሆን ተስፋ ያደርጋል። በእንግሊዙ ሐረግ እናት ከገመዱ ውጭ ስትሆን በቡጋንዳው ሐረግ ግን ዋና አጋዳ ናት። በአባትም በእናትም ርስት መቍጠር የአገሩ ልማድ የነበረ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ከእንግሊዙ ሥርዓት ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል።

እስልምና ወደዚህ ቤት የገባው በምቦጎ አባት ዘመን ነው። በ1844 አሕመድ ቢን ኢብራሂም የሚባል ዓረብ ነጋዴ ከጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሱና አደባባይ ደረሰ፤ ንጉሡ ሰው ሲያስገድልም አይቶ ሕይወትን የሚሰጥ ፈጣሪ መኖሩን ነገረው ይባላል። ሙቴሳም በዘመኑ ረመዳንን እስከ መጾም ደረሰ፤ ነገር ግን በ1870ዎቹ የንጉሡን ሥልጣን ከሃይማኖታቸው በታች ያደረጉ ወጣት እስላሞችን አስፈጀ። ቀጥሎም በ1877 የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት፥ በ1879 የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን መጡ። ልጁ ምዋንጋ በነገሠ ጊዜ በአደባባዩ ሦስት የሃይማኖት ወገኖች ተፋጠው ቈሙ።

በ1888 በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሥታት በቡጋንዳ ዙፋን ላይ ተፈራረቁ፤ ምዋንጋ ተሻረ፥ ኪዌዋ ነግሦ ወዲያው ተሻረ፥ ቀጥሎም ካሌማ በእስላሞች ወገን ነገሠ። ካሌማ ተቀናቃኝ እንዳይነሣበት ብዙ መሳፍንትንና ልዕልቶችን አስገደለ። ምዋንጋ በክርስቲያኖች ረዳትነት ተመልሶ ሲያሸንፈው የካሌማ ወገን ወደ ቡንዮሮ በኩል አፈገፈገ፤ እርሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተ። እስላሞቹም አጐቱን ምቦጎን መሪያቸው አደረጉት። ምቦጎ ሥልጣን ያገኘው በዘሩ ነው፤ ነገር ግን የተገኘው በስደት ላይ ነበረ።

በ1892 ሉጋርድ ከምቦጎ ጋራ ተዋዋለ። ምቦጎ ወደ ካምፓላ ገብቶ የንግሥና ጥያቄውን ተወ፤ እስላሞችም ሦስት ትናንሽ አውራጃዎች ተሰጣቸው። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ጠብ ስለ ተነሣ ከሦስቱ ሁለቱ ተወሰዱ፤ ምቦጎም ራሱ ወደ ጠረፍ በግዞት ተላከ፤ በኋላም ተመለሰ። በ1897 የእንግሊዞች የሱዳን ወታደሮች ባመፁ ጊዜ ምቦጎን በራሳቸው ላይ ሊያነግሡት ፈልገው ላኩበት። የሃይማኖት ወንድሞቹ ነበሩ፤ ዘሩም ለንግሥና የሚያበቃው ነበር፤ እርሱ ግን እምቢ አለ። ብዙ ነገሥታት ወንድሞቻቸውን በገደሉበት ቤት የተወለደ ሰው ዘውድን በገዛ አፉ መመለሱ ከጦር ድል የማያንስ ሥራ ነው። የኋለኛው የቤተሰቡ ሰላም ሁሉ ከዚህ ከአንዱ እምቢታ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

መጋቢት 10 ቀን 1900 የኡጋንዳ ውል በሰር ሐሪ ጆንስተንና በቡጋንዳ ሹማምንት መካከል ተፈረመ። ካባካው ዳውዲ ችዋ ገና ሕፃን ስለ ነበረ አፖሎ ካግዋ፥ ስታኒስላውስ ሙግዋንያና ዘካርያስ ኪሲንጊሪ የሚባሉ ሦስት እንደራሴዎች ነበሩ፤ የምቦጎም ስም በውሉ ላይ ይገኛል። ውሉ እንደ ተጻፈው ለካባካው 350 ስኩዌር ማይል፥ ለሦስቱ እንደራሴዎች ለያንዳንዳቸው የግል 16፥ ለአንድ ሺሕ ሹማምንትና ባለመሬቶች በጠቅላላው 8,000፥ ለሚሲዮኖች 92 ስኩዌር ማይል ተመደበ። ለምቦጎ ለራሱና ለተከታዮቹ 24 ስኩዌር ማይል ተሰጠ። ይህ በኢትዮጵያ ልክ 155 ጋሻ ያህል ነው፤ ሎርድ ዴላሚር ብቻውን በንጆሮ ከያዘው አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። ሕዝቡ ይህን አዲስ ርስት «ማይሎ» ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ ማይል ከሚለው የእንግሊዝ መለኪያ የተወሰደ ነው። ርስት በአባት ስም ሳይሆን በመለኪያ ስም መጠራቱ ብቻ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ምቦጎ በ1921 ሲሞት ወራሹ ባድሩ ካኩንጉሉ የ14 ዓመት ያህል ልጅ ነበር። በዚህ ስም ተማሪ እንዳይሳሳት ማስጠንቀቅ የመምህር ተግባር ነው፤ በምሥራቅ ኡጋንዳ በጦር አለቅነቱ የታወቀውና በ1928 የሞተው ሰመይ ካኩንጉሉ ሌላ ሰው ነው፤ የክርስቲያኖችም ወገን ሆኖ የተዋጋ ነው። ስም አንድ ስለ ሆነ ብቻ ዘር አንድ አይሆንም፤ በትውልድ ምርመራ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተትም ይኸው ነው።

ባድሩ ካኩንጉሉ በ1907 ተወልዶ በ1991 ሞተ። ሐረጉ በዓመት ሲመዘን የሚያስደንቅ ነው። አያቱ ሱና የሞተው በ1856 ነው፤ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው ምቦጎ ብቻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓረብ ነጋዴ በሱና ፊት ከቈመበት ከ1844 ጀምሮ ካኩንጉሉ እስከ ሞተበት እስከ 1991 ድረስ ያለው 147 ዓመት በሦስት ሰዎች ዕድሜ ውስጥ ተጠቃሏል። በዚያው ዘመን የንጉሡ ቅርንጫፍ ሱና፥ ሙቴሳ፥ ምዋንጋ፥ ዳውዲ ችዋ፥ ሁለተኛው ሙቴሳ እያለ አምስት ትውልድ ቈጥሯል። ስለዚህ ካኩንጉሉ ከሁለተኛው ሙቴሳ በ17 ዓመት ብቻ ቢበልጥም በዝምድና ግን የአያቱ የምዋንጋ የአጐት ልጅ ነበር፤ በኢትዮጵያ ወግ እንደ አያት የሚከበር ማለት ነው። ዕድሜ ሌላ፥ ትውልድ ሌላ መሆኑን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ይህ ወጣት መስፍን የተማረው በቡዶ በሚገኘው የፕሮቴስታንቶች ኪንግስ ኮሌጅ ነው። ይህ ነገር የዘመኑን ችግር ያሳያል። ናሚልያንጎ በ1902፥ ጋያዛ በ1905፥ ቡዶ በ1906 ሲመሠረቱ ትምህርት ቤት ሁሉ በሚሲዮን እጅ ነበረ። የእስላም ልጅ ወይ ሃይማኖቱን በሥጋት ላይ ጥሎ መማር፥ ወይ ሃይማኖቱን ጠብቆ ሳይማር መቅረት ነበረበት። ብዙ አባቶች ሁለተኛውን መረጡ፤ በዚህም ምክንያት ልጆቻቸው ከመንግሥት ሥራና ከሹመት ወደ ኋላ ቀሩ። የመስፍኑ ልጅ በክብሩ ምክንያት በሌላ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ሊማር ቢችል፥ የድኻው ልጅ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

ካኩንጉሉ አድጎ የአባቱን ሥፍራ ሲይዝ ማኅበሩ በዓርብ ጸሎት ሥርዓት ምክንያት ተከፋፍሎ አገኘው። ለአንዱ ወገን መሪ ሆነ፤ መቀመጫውም ኪቡሊ ነበረ። መለያየቱን በዘሩ ሥልጣን ብቻ ሊያስወግደው አልቻለም፤ ትውልድ ሰውን ወደ መሪነት በር ያደርሰዋል እንጂ በሩን አልፎ የሚሠራውን ሥራ አይሠራለትም። እርሱ ያደረገው በኪቡሊ ኮረብታ ላይ ያለውን መሬት ለመስጊድና ለትምህርት ቤት መስጠት ነው። በ1940ዎቹ የእስላሞች የትምህርት ማኅበር ተጠናከረ፤ የኪቡሊ ትምህርት ቤትም ተቋቋመ፤ ቀጥሎም የመምህራን ማሠልጠኛው ተጨመረ። በ1945 በአጋ ካን የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ እስላሞች የበጎ አድራጎት ማኅበር ለእንዲህ ያለው ሥራ ርዳታ ይሰጥ ነበር፤ በ1951 የኪቡሊ መስጊድ ሲመረቅ የመረቀውም የአጋ ካን ልጅ ልዑል አሊ ካን ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለመምህራን ልብ የሚቀርበው የማሠልጠኛው ነገር ነው። መስጊድ የመጣውን ሰው ይሰበስባል፤ አንድ ትምህርት ቤት በዙሪያው ያሉትን ልጆች ያስተምራል፤ መምህር የሚያወጣ ቤት ግን ኮረብታውን ከነትምህርቱ ወደ ሌላ አውራጃ ተሸክሞ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ በሎርድ ዴላሚር ላይ ያነሣውን ጥያቄ በምቦጎ ቤት ላይም ሳያነሣ ሊያልፍ አይገባውም፤ ይኸውም የመሬቱስ ሐረግ ከወረቀቱ በፊት ምን ነበር የሚለው ነው። በቡጋንዳ ከማይሎ በፊት «ቡታካ» የሚባል የጐሣ መሬት ነበረ። የጐሣ አባቶች የተቀበሩበት ስለ ሆነ መቃብሩ ራሱ የርስት ምስክር ነበር። በ1900 ውል መሬቱ ለሹማምንት ሲከፋፈል ብዙ የጐሣ መቃብር በሌላ ሰው ማይሎ ውስጥ ገባ። የጐሣ አለቆች በ1920ዎቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ ነገሩም ተመርምሮ ሳለ የመሬቱ ድልድል እንደ ጸና ቀረ። በመሬቱ ላይ የሚያርሰውም ባላገር ለባለማይሎው ኪራይና ከምርቱ ድርሻ የሚከፍል ጢሰኛ ሆነ፤ በ1928 የወጣው ሕግ ክፍያውን እስኪወስንና ያለ አግባብ እንዳይነቀል እስኪጠብቀው ድረስ ሸክሙ ከባድ ነበር። በውሉ 9,000 ስኩዌር ማይል ያህል የዱርና ያልታረሰ መሬት ደግሞ ለእንግሊዝ ዘውድ ተመደበ።

እንግዲህ እንግሊዛዊው ሰፋሪ በኬንያ ባላገሩን በራሱ ሥፍራ ሲያስለቅቅ፥ የእንግሊዝ ሕግ በቡጋንዳ የአገሩን ሹም ከገዛ ባላገሩ በላይ በወረቀት አስቀመጠው። በሁለቱም አገር የባለርስቱ ሐረግ ተጽፎ ሲቀመጥ የአራሹ ሐረግ ሳይጻፍ ቀረ። ልዩነቱ በኋላ በተደረገው ነገር ላይ ነው። በናይሮቢ የቈመው የሎርድ ዴላሚር ሐውልት ኬንያ በ1963 ነፃ ከወጣች በኋላ ተነሣ፤ በስሙ የተጠራውም ጐዳና የኬንያታ ጐዳና ተባለ። በኪቡሊ ግን ሊነሣ የሚገባው ሐውልት አልነበረም፤ ርስቱ ራሱ የአራሹ ልጅ የሚማርበት ክፍል ሆኗልና። ኡጋንዳ በ1967 ነገሥታቱን ሻረች፤ በ1975 የመሬት ዐዋጅ ማይሎን ወደ መንግሥት ይዞታ አዛወረች፤ በ1993 ካባካው ተመልሶ ዘውድ ጫነ፤ የ1995 ሕገ መንግሥትም ማይሎን መለሰ። ይህ ሁሉ ሲገለባበጥ በኪቡሊ የማስተማሩ ሥራ ቀጠለ፤ ካኩንጉሉ በ1991 ሲሞትም ሥፍራው ለልጁ ለካሲም ናኪቢንጌ ተላለፈ።

የታሪክ መምህር ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት በክፍሉ ውስጥ ሊሠራበት የሚችል ነው። አፖሎ ካግዋ የቡጋንዳን ነገሥታት ታሪክ በገዛ ቋንቋው ጽፎ በ1901 ባያሳትም ኖሮ ዛሬ ከዚህ ሐረግ ብዙው በጠፋ ነበር። በየወረዳው ያለ መምህርም ተማሪዎቹን የአያቶቻቸውን ስም እንዲጽፉ ሲያዝ አንድ ጥያቄ ይጨምርበት፤ ይኸውም አያቱ ማን እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን፥ በየትኛው መሬት ላይ እንደ ኖረ፥ መሬቱን ከማን እንዳገኘው፥ ከእርሱ በፊትም በዚያ ላይ ማን ያርስ እንደ ነበረ እንዲጠይቁ ነው። ባለርስቱና ጢሰኛው በአንድ ገጽ ላይ ሲጻፉ ሐረጉ ሙሉ ይሆናል። ምቦጎ ዘውድን እምቢ ብሎ ሰላምን ለልጁ አወረሰ፤ ልጁም ርስቱን ሰጥቶ ትምህርትን ለማያውቃቸው ልጆች አወረሰ። በሥጋ ሐረግ ከዚያ ቤት ያልተወለደ ሁሉ በኪቡሊ ተምሮ ሌላውን ሲያስተምር፥ በትምህርት ሐረግ ከዚያ ቤት ይቈጠራል።